ስለ «ፋራናይት 451» መጨረሻ ለፈተና አዘጋጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሥነ ጽሑፍ መማሪያና ፈተና አዘጋጅ ክፍል

ጉዳዩ፦ የልቦለዱ መጨረሻ ሳይቆረጥ ለተማሪዎች እንዲቀርብና ስለ እሱ የወጣው የእርማት መመሪያ እንዲሻሻል ስለ መጠየቅ

ክቡራን የክፍሉ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ልልክላችሁ አስቤ ነበር። ሐሳቤን የለወጥሁት ጉዳዩ የእኔና የእናንተ ብቻ ስላልሆነ ነው፤ ያዘጋጃችሁትን እትም የሚያነብ፣ ያወጣችሁትን ጥያቄ የሚመልስ ተማሪ ሁሉ፣ የላካችሁትንም መመሪያ ከፊቱ ዘርግቶ የሚያርም መምህር ሁሉ ባለ ጉዳይ ነው። ደግሞም ነገሩ የተነሣው ስለ ሳንሱር ከተጻፈ መጽሐፍ በመሆኑ፣ በር ዘግተን ተነጋግረን ብንጨርሰው ለእኔ ለራሴ የሚያምርልኝ አልመሰለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማጠቃለያው ፈተና ላይ ስለ ሬይ ብራድበሪ ልቦለድ ስለ «ፋራናይት 451» አንድ የማብራሪያ ጥያቄ ወጥቷል፤ ተማሪው የልቦለዱ መጨረሻ በአንባቢው ላይ የሚያሳድረውን ስሜት በአንድ አንቀጽ እንዲያስረዳ የሚጠይቅ ነው። ጥያቄው በራሱ ምንም ክፋት የለበትም። አብሮት የደረሰን የእርማት መመሪያ ግን «ተስፋ» ብሎ ለደመደመ ሙሉ ነጥብ፣ ሌላ መደምደሚያ ለጻፈ ደግሞ ዜሮ እንዲሰጥ ያዛል። ከተማሪዎቼ አንዷ መጨረሻው ተስፋ ሳይሆን ገና ያልመጣን ነገር መጠባበቅ ነው ብላ ጻፈች፤ ለዚህም ዋናው ገጸ ባሕርይ እስከ መጨረሻዋ መስመር ድረስ ሊናገር ያሰበውን አለመናገሩን በማስረጃነት አቀረበች። እኔም መመሪያውን አክብሬ ዜሮ ሰጠኋት። እጄ እንቢ አለኝ ብል ዋሸሁ፤ እጄም ታዞልኛል፣ ቀይ እስክሪብቶዬም አልነጠፈም። ያፈርሁት ኋላ ነው፣ ወረቀቷን ተቀብላ ካየች በኋላ «መምህር፣ ታዲያ መጽሐፉ ስለ ምን ነበር?» ብላ ስትጠይቀኝ። የምመልስላት አጣሁ። ይህ ደብዳቤ ዘግይቶ የመጣ መልሴ ነው ማለት ይቻላል።

መጽሐፉን ላላነበቡ የደብዳቤዬ አንባቢዎች ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1953 የታተመው ይህ ልቦለድ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች እሳት ማጥፋቱን ትተው መጻሕፍት የተደበቁባቸውን ቤቶች የሚያቃጥሉበትን መጪ ዘመን ያሳያል። ርዕሱ፣ መጽሐፉ ራሱ እንደሚለው፣ ወረቀት እሳት የሚይዝበት የሙቀት ልክ ነው። ከአቃጣዮቹ አንዱ የሆነው ጋይ ሞንታግ፣ ክላሪስ የምትባል ወጣት ጎረቤቱ ደስተኛ መሆኑን ከጠየቀችው ቀን ጀምሮ ሰላም ያጣል፤ ሊያቃጥላቸው የሚገባቸውን መጻሕፍት ይደብቃል፤ ሚስቱ ሚልድረድ ትጠቁምበታለች፤ አለቃውን ቢቲን በእሳት ገድሎ ይሸሻል። ወንዝ ተሸክሞት ከከተማ ከወጣ በኋላ አሮጌ የባቡር ሐዲድ ተከትሎ ሲሄድ፣ እሳት ከበው የተቀመጡ ሰዎች ያገኛል። እያንዳንዳቸው አንድ መጽሐፍ ወይም የመጽሐፍ ክፍል በቃላቸው ይዘዋል። ወዲያው የጦር አውሮፕላኖች መጥተው ከተማዋን በቅጽበት ያጠፏታል፤ ሰዎቹም ቁርሳቸውን በልተው ወደ ፍርስራሹ ጉዞ ይጀምራሉ። ልቦለዱ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው።

እንዲህ ባጭሩ ሲነገር «ተስፋ» የሚለው መልስ ምንም ስሕተት ያለበት አይመስልም። ተማሪዎቼም ውይይቱን ሲጀምሩ አብዛኞቹ ያሉት ይህንኑ ነበር። ለመጨረሻው ክፍል ሁለት ክፍለ ጊዜ መድቤ ነበር፤ አራት ወሰደብን፤ በአራተኛውም ቢሆን የደወለው ደወል እንጂ ያለቀው ክርክር አልነበረም። ከተባለው ሁሉ ጥቂቱን ልንገራችሁ፤ የእርማት መመሪያው ያስቀረው ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ማስረጃ የለኝም።

መጀመሪያ የተነሣው በመንገድ ላይ የተገደለው ሰው ጉዳይ ነው። ሞንታግ ካመለጠ በኋላ አሳዳጆቹ በቴሌቪዥን የሚያስተላልፉት አደን ያለ ፍጻሜ ሊቀርባቸው ሆነ፤ ተመልካች ደግሞ ብዙ አይጠብቅም። ስለዚህ ማለዳ ብቻውን ሲጋራ እያጨሰ የሚራመድ አንድ ምስኪን መረጡ፤ ለአደኑ የላኩት የብረት ውሻ ዘሎ ያዘው፤ ካሜራው ፊቱን አጥርቶ ሳያሳይ አስተዋዋቂው ሞንታግ መሞቱን አበሠረ። ሞንታግ ራሱ ይህን የሚያየው ከእሳቱ ዳር ሆኖ፣ ግሬንጀር የተባለው የሰዎቹ መሪ በያዘው ትንሽ ቴሌቪዥን ነው። አንድ ተማሪ ብድግ ብሎ፣ ሞንታግ «ከሞት ተነሣህ» ተብሎ እንኳን ደህና መጣህ የተባለው በዚያ ሰው ሞት መሆኑን ተናገረ፤ ሌላዋ ቀጥላ፣ የመጻሕፍቱን ሁሉ ስም ስናውቅ የዚያን ሰው ስም አለማወቃችን ደራሲው ሆን ብሎ ያደረገው ነው ወይስ እሱም ረሳው ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋን እስካሁን ይዤ እዞራለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እናንተ ለክፍል ባዘጋጃችሁት አጭር እትም ይህ ሁሉ ትዕይንት «ፖሊሶቹም ፍለጋውን አቆሙ» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ተተክቷል። ተማሪዎቹ ይህን ያወቁት አንዳቸው ከቤት ያመጣውን ሙሉ እትም ከእናንተው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያነቡ ነው። ዓላማችሁ ገጽ መቆጠብ ወይም ለታዳጊዎች የሚከብድ ግድያ ማስቀረት እንደሆነ እገምታለሁ፤ ክፉ ሐሳብ አላችሁ አልልም። ውጤቱን ግን ተመልከቱት፤ በልቦለዱ ውስጥ ካሜራው የዚያን ሰው ፊት አደበዘዘው፣ እትማችሁ ደግሞ ሰውየውን ከነአካሉ አጠፋው።

ሁለተኛው ጉዳይ ብዙ ጊዜያችንን የወሰደው ነው። ግሬንጀር ለሞንታግ የቡድኑን አሠራር ሲያስረዳ፣ እነሱም ራሳቸው መጻሕፍት እንደሚያቃጥሉ ይነግረዋል፤ እንዳይያዝባቸው ስለሚፈሩ አንብበው፣ በቃላቸው አጥንተው፣ ከዚያ ወረቀቱን ለእሳት ይሰጣሉ። ይህችም ክፍል በአጭሩ እትም የለችም። ያለ እሷ ደግሞ የልቦለዱ መጨረሻ ሌላ ታሪክ ይሆናል፤ በአንድ ወገን አቃጣዮች፣ በሌላው ወገን አዳኞች የቆሙበት፣ ማን ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው የሚታወቅበት ታሪክ። ደራሲው ግን አቃጣይነትን በሁለቱም ወገን አኑሮታል። ከዚህም አልፎ፣ እሳቱን ራሱን ገልብጦ አሳይቶናል፤ ሞንታግ ከሩቅ ሲያየው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የማያቃጥል፣ ሰው እጁን የሚዘረጋለት፣ የሚያሞቅ እሳት ሆኖ ያገኘዋል። ያንኑ እሳት እያዩ የሚሞቁት ሰዎች ደግሞ ገጾችን የሚያነዱ ናቸው።

በዚህ ጊዜ ክፍሉ ሁለት ሆነ። አንደኛው ወገን፣ መጽሐፍ ማለት ወረቀቱ ሳይሆን ቃሉ ነውና ሰዎቹ ያቃጠሉት ልብሱን እንጂ ሰውየውን አይደለም አለ። ግሬንጀርም ራሱን ከመጽሐፍ ሽፋን የማይበልጥ አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ይህ ወገን ከጽሑፉ ድጋፍ አላጣም። ሌላው ወገን የመለሰው በተረት ነበር፦ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ተረቱን የጠቀሰው ልጅ ብዙ ጊዜ ዝም የሚል ነው፤ ተነሥቶ ተረቷን ብቻ ተናግሮ ተቀመጠ። ክፍሉ ግን በእሷ ላይ ግማሽ ክፍለ ጊዜ ተከራከረ። አንዳንዶቹ ልቦለዱ ተረቷን ገልብጧታል አሉ፤ በጽሑፍ የነበረው ሁሉ አመድ ሆኖ በቃል የተያዘው ብቻ ተርፏልና። ሌሎቹ አጸንቷታል እንጂ አልገለበጣትም አሉ። ግሬንጀር ራሱ ጦርነቱ ሲያበቃ ሰዎቹ አንድ በአንድ ተጠርተው የያዙትን እንደሚናገሩና ተመልሶ እንደሚታተም ተስፋ ያደርጋል፤ እስከዚያ ለልጆቻቸው በቃል ያስተላልፉታል፤ በዚህ መሐል ብዙ እንደሚጠፋም ሳይሸሽግ ይናገራል። የመክብብ መጽሐፍን የያዘ ሃሪስ የሚባል ሰው ሌላ ከተማ መኖሩን ከነገረው በኋላ፣ ሃሪስ አንድ ነገር ቢሆን መክብብ አንተ ነህ ይለዋል። አንድ ሙሉ መጽሐፍ በሁለት ሰዎች ጤና ላይ ቆሟል ማለት ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ ከፊሉን ብቻ ያነበበ፣ እሱንም መርሳቱን የሚናገር ሸሽቶ የመጣ ሰው ነው። ይህን እያነበበ ተስፋ የሚታየው ተማሪ ትክክል ነው፤ ፍርሃት የሚይዘውም ትክክል ነው፤ እኔ በበኩሌ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይሰሙኛል።

ሦስተኛውን ባጭሩ ልለፈው። በእሳቱ ዙሪያ የምናያቸው ሁሉ ወንዶች ናቸው፤ ክላሪስ ቀደም ብላ ጠፍታለች፣ ሚልድረድ ከከተማዋ ጋር ትጠፋለች። ይህን ያነሡት ሴት ተማሪዎች ነበሩ፤ ለማን ነው ተስፋው ብለው ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የፍራንስዋ ትሩፎ ፊልም ክላሪስን በሕይወት አቆይቶ ከመጽሐፍ ሰዎቹ ጋር ያገናኛታል፤ ከተማ የሚያጠፋ ጦርነትም የለበትም፤ ሰዎቹ በረዶ ሲወርድ ወዲያና ወዲህ እየተራመዱ መጻሕፍቶቻቸውን ሲያነበንቡ ያበቃል። የእርማት መመሪያውን የጻፈው ሰው ያየው ፊልሙን ይሆን ብዬ መጠርጠሬን አልደብቃችሁም፤ «ተስፋ» ለፊልሙ ይበልጥ ይስማማዋል።

ስለ ሚልድረድ አንድ ነገር ልጨምር። በልቦለዱ መጀመሪያ አካባቢ ባልና ሚስቱ መጀመሪያ የት እንደተገናኙ አንዳቸውም ማስታወስ ያቅታቸዋል። ሞንታግ የሚያስታውሰው ቦምቡ ከተማዋ ላይ ሲወርድና እሱ መሬት ላይ በግንባሩ ሲደፋ ነው፤ ቺካጎ ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ቺካጎ። የረሳው ነገር የተመለሰለት የሚነግራት ሰው በጠፋችበት ቅጽበት ነው። የመክብብና የዮሐንስ ራእይ ቃላትም ወዲያው ተከትለው ይመጡለታል። ማስታወስ በዚህ ልቦለድ እንዲህ ባለ ዋጋ የሚገኝ ነገር ነው፤ «መጻሕፍት በሰዎች ልብ ተረፉ» የሚለው የመመሪያችሁ ዓረፍተ ነገር ዋጋውን አይናገርም።

አሁን ዜሮ ወዳገኘችው ተማሪ ልመለስ። ልቦለዱ ሊያልቅ ሲል ሰዎቹ በወንዙ ዳር ወደ ከተማዋ ሽቅብ ይጓዛሉ፤ ሞንታግ ከፊት ነው፤ ተራው ሲደርስ ምን እንደሚናገር ያስባል። ለሁሉ ጊዜ እንዳለው፣ ለማፍረስ ጊዜ፣ ለመሥራትም ጊዜ፣ ዝም ለማለት ጊዜ፣ ለመናገርም ጊዜ እንዳለው የሚናገረው የመክብብ ቃል ትዝ ይለዋል። ይህ ብቻ ግን አልበቃውም፤ ሌላ ነገር አለ እያለ ይፈልጋል። በመጨረሻ በወንዙ ወዲያና ወዲህ ስለ ቆመው፣ በየወሩ ስለሚያፈራውና ቅጠሎቹ ለሕዝብ መፈወሻ ስለሆኑት ስለ ሕይወት ዛፍ የሚናገረውን የራእይ ቃል ያገኛል። ይህንን ለቀትር አቆየዋለሁ ይላል፤ ከተማዋ ስንደርስ ለሚሆነው ቀትር። ልቦለዱ ያበቃው በዚህ ነው። ቀትር አልሆነም፤ ከተማዋም አልተደረሰችም፤ ቃሉም አልተነገረም።

ተማሪዋ የጻፈችው ይህንኑ ነው። ሞንታግ ዝም ለማለት ጊዜ እንዳለው ገና ማስታወሱ ነውና፣ ያልተናገረውን እኛ ቀድመን «ተስፋ» ብለን ብንናገርለት ጊዜውን እንወስድበታለን አለች። እኔ በመምህርነት ዘመኔ ስለዚህ ገጽ ብዙ ተናግሬአለሁ፤ ይህን ግን አስቤው አላውቅም። ይህን ላሰበች ልጅ ዜሮ ሰጥቻለሁ።

ክቡራን ሆይ፣ ይህ መጽሐፍ ለተማሪ ተብሎ ሲቆረጥ የመጀመሪያው አይደለም። የመጀመሪያው አሳታሚው ባላንታይን እ.ኤ.አ. በ1967 ለትምህርት ቤቶች የሚሆን ልዩ እትም ሲያዘጋጅ፣ ደራሲውን ሳያማክር ስድብና እርግማን ያለባቸውን፣ ፅንስ ማስወረድን የሚጠቅሱትንና መሰል ቦታዎችን አወጣ፤ የተነኩት ቦታዎች 75 ነበሩ። አንድ ሰካራም በሽተኛ ተባለ፤ እምብርቱን የሚያጸዳ ሰው ጆሮውን እንዲያጸዳ ተደረገ። ለጥቂት ዓመታት ሁለቱ እትሞች ጎን ለጎን ይሸጡ ነበር፤ ከ1973 ጀምሮ ግን ሙሉው መታተሙን አቁሞ የተቆረጠው ብቻ ገበያ ላይ ቀረ፤ ሽፋኑም መቆረጡን አይናገርም ነበር። ስድስት ዓመት ያህል ስለ ሳንሱር የተጻፈውን ልቦለድ የገዛ ሁሉ ሳንሱር የተደረገበትን ገዝቷል። ብራድበሪም ይህን የሰማው ከተማሪዎች ነው፤ ያነበቡት ነገር ግራ ቢያጋባቸው ደብዳቤ ጻፉለት። እሱም በ1979 ቁጣውን በግልጽ የሚናገር የድኅረ ቃል ጽሑፍ አወጣ፤ የተቆረጠውም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ከሁሉ የገረማቸው ቆራጮቹ ክፉ ሰዎች አለመሆናቸው ነው። አንድም መጽሐፍ አላቃጠሉም። ሥራቸውን የሠሩት በቅን ልቦና፣ ታዳጊ እንዳይሰናከል፣ ወላጅ እንዳይቆጣ አስበው ነው። ልቦለዱ ውስጥ ቢቲ ስለ መጻሕፍት ማቃጠል አመጣጥ ለሞንታግ የሚያስተምረው ትምህርትም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ነገሩ ከመንግሥት በወረደ ትእዛዝ እንዳልተጀመረ ይነግረዋል። መጀመሪያ ታላላቆቹ ድርሰቶች ለ15 ደቂቃ የሬዲዮ ዝግጅት እንዲመቹ ተቆረጡ፤ ቀጥሎ በሁለት ደቂቃ ለሚነበብ ዓምድ ተጨመቁ፤ በመጨረሻም አሥር ወይም አሥራ ሁለት መስመር ሆነው መዝገበ ቃላት ውስጥ ገቡ። እሳቱ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ የሚነድ ነገር ብዙ ባልቀረበት ጊዜ ነው። ይህ የቢቲ ንግግር በእናንተ እትም ከሞላ ጎደል ሙሉውን አለ። ያሳጠረው ባለሙያ ይህን ክፍል ሲያነብ እጁ ትንሽ አለማመንታቱ ይገርመኛል።

በቆረጣ የአንድ ታሪክ መጨረሻ ትርጉም እንደሚለወጥ ከሌላ መጽሐፍም ማየት ይቻላል። በጆርጅ ኦርዌል ልቦለድ በ«1984» ዋናው ገጸ ባሕርይ ዊንስተን በአምባገነኑ አገዛዝ ተሸንፎ ሲያበቃ ታሪኩ ያለቀ ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ስለ አገዛዙ ቋንቋ የሚናገር አባሪ አለ፤ አባሪውም የተጻፈው ያ ሁሉ አልፎ እንደ ሆነ በኃላፊ ጊዜ ነው። አገዛዙ ወደቀ ማለት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ከዚች ሰዋስው ይነሣል። አንድ የአሜሪካ የመጽሐፍ ክበብ አባሪውና ሌላ አንድ ክፍል እንዲወጡ ሲጠይቅ፣ ኦርዌል የሚቀርበትን ገንዘብ እያወቀ እምቢ አለ፤ ክበቡም ኋላ ሳይቆረጥ ተቀበለው። ያ አባሪ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ያ ክርክር ዛሬ አይኖርም ነበር፤ መኖር የነበረበት መሆኑን የሚያውቅም አይገኝም ነበር።

የእናንተንም ችግር አልዘነጋሁም። ፈተና የሚታረመው በብዙ እጅ ነው፤ አንዱ መምህር የሚያደንቀውን ሌላው ይጥለዋል፤ መመሪያ ከሌለ ደግሞ የተማሪው ዕድል ወረቀቱ ማን እጅ እንደ ገባ ይወሰናል። ይህ እውነተኛ በደል ነው፤ እኔም በእርማት ክፍል ተቀምጬ ያየሁት ነው። በተጨማሪም «ሁሉም መልስ ልክ ነው» የሚል አሠራር ተማሪን ያሰንፋል ብላችሁ ብትሰጉ አልቃወማችሁም። በውይይታችን ላይ አንድ ተማሪ ሞንታግ በመጨረሻ ወደ ከተማ ተመልሶ ሚልድረድን አገኛት ብሎ ተከራክሮ ነበር፤ ገጹን አውጣ ብለን ጠየቅነው፤ የለም፤ ተሳስቷል፤ እሱም ሳቀ፣ እኛም ሳቅን። ስሕተት አለ። ነገር ግን የእሱ ስሕተት መጽሐፉ ውስጥ ያልተጻፈውን መናገሩ ነው፤ የተማሪዋ ጥፋት ተብሎ የተቆጠረው ግን መጽሐፉ ውስጥ የተጻፈውን መናገሯ ነው። መመሪያው ሁለቱንም በአንድ ዜሮ አስቀምጧቸዋል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ቀላል ነገር ነው። እርማቱ በመደምደሚያው ላይ መሆኑ ቀርቶ ማስረጃው ላይ ይሁን፤ ተማሪው የጠቀሰው ነገር በእርግጥ መጨረሻው ክፍል ውስጥ አለን? የጠቀሰው ከደመደመው ጋር ይያያዛልን? ከሐሳቡ ጋር የሚጋጨውን ክፍል አይቶታል ወይስ ዘሎታል? ሁለት መምህራን «ተስፋ» ትክክል ነው ወይ ብለው ላይስማሙ ይችላሉ፤ ሲጋራ የሚያጨሰው ሰው መልሱ ላይ ተጠቅሷል ወይ በሚለው ግን መስማማታቸው አይቀርም። «ተስፋ» ያለ ተማሪ ደግሞ ቃሉን ስለጻፈ ብቻ ሙሉ ነጥብ አይገባውም፤ ከተማዋ ከነሰዎቿ በጠፋችበት ቦታ ተስፋውን ከየት እንዳገኘው ሊያሳይ ይገባል። ግሬንጀር፣ ራሷን እያቃጠለች ከአመዷ ስለምትነሣው ስለ ፎኒክስ ወፍ ይናገራል፤ የሰው ልጅ ከእሷ የሚሻለው የሠራውን ሞኝነት በማወቁ ነው ይላል፤ ለጥቂት ጊዜም የመስተዋት ፋብሪካ ከፍተን መስተዋት ብቻ እናምርት እስከ ማለት ይደርሳል። ተስፋ ለሚል ተማሪ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ የለም ለሚልም ያገለግላል፤ ወፏ ደጋግማ የተቃጠለች ናትና።

እትሙን በተመለከተ፣ መጽሐፉ ረጅም አይደለም፤ የመጨረሻው ክፍል ሳይቆረጥ ቢቀርብ የሚጨምረው ገጽ ጥቂት ነው። መቆረጡ የማይቀር ከሆነ እንኳ የተቆረጠበት ቦታ ሁሉ ምልክት ይደረግበት፤ ሽፋኑም አጭር እትም መሆኑን ይናገር። ተማሪ ያላነበበው ነገር መኖሩን ካወቀ ሄዶ ይፈልገዋል፤ ካላወቀ ግን ያነበበውን ሙሉ ነው ብሎ ይምላል። የእኔ ተማሪዎች ያወቁት አንዱ ቤት አሮጌ መጽሐፍ በመኖሩ ነው፤ በሌላው ክፍል ያሉት ይህ ዕድል አልገጠማቸውም።

የተማሪዋን መልስ ስሟን ሸፍኜ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። ከተቻለ መመሪያውን ያዘጋጁት ባለሙያዎች ራሳቸው እንዲያነቡትና እንደገና እንዲያርሙት እጠይቃለሁ። እኔ የሰጠሁት ዜሮ በቀይ ቀለም እንዳለ ነው፤ አልሰረዝሁትም።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ የሥነ ጽሑፍ መምህር